ሥልጠናውን ላጣራ ሄጄ

ነፃ ነገር ያስፈራኛል። ካርቱም ላይ ሰው በነፃ ሻይ ካቀረበልህ ወይ ሊያሠራህ ነው፣ ወይ ሊያሻግርህ ነው። ሦስተኛ ምክንያት እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ እህቴ ሰልማ፣ «ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥልጠና አለ፤ ነፃ ነው፤ ምሳም አለው፤ ሲያልቅ ሰርተፍኬት ሰጥተው ለመስክ ሥራ ፖርት ሱዳን ይወስዱናል» ስትል፣ እኔና እማ ተያየን። ምሳ፣ ወረቀት፣ ከዚያ መኪና! የሊቢያ ደላላስ የሚጀምረው በምን ነው?

እኔ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነኝ። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ያለ ጠብ ተለያይተናል። እማ ቡሪ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ሰልማ ግን እዚሁ ተወልዳ፣ ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የረገጠች የመጀመሪያዋ ናት።

«ባሕር ያለበት አገር?» አለች እማ። «ወላሂ፣ አንተ ሄደህ ሳታይልኝ ንቅንቅ አትልም።» እንዲህ ሆኜ አጣሪ ኮሚቴ ተባልኩ፤ የሰልማም ዕድል ምላሴ ላይ ተንጠለጠለ።

ሥልጠናው ወዳለበት፣ ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር ሄጄ በር ላይ ሳጮልቅ፣ አንዲት መነጽራም ተማሪ «ተፈደል፣ ግባ!» ብላ ጎትታ አስገባችኝ። ቃለ መጠይቅ የሚለማመዱበት ሰው አጥተው ኖሯል። ሰልማ ሌላ ክፍል ነበረች። ሻይ ሰጡኝ። በነፃ! ልጅቷ የስልኳን መቅጃ ከፍታ አፌ ሥር ደቀነችው። ከየት መጣህ? የት ትኖራለህ? ሚስት አለህ?

እስቲ ፍረዱ፤ እንደኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው ይህን የሚጠየቀው በማን ነው? በፖሊስ! ዴም ሰፈር ከኛ ከስደተኞቹ ጋር የኖረ ሁሉ መልሱን ያውቃል፤ እውነት እንዲህ በዋዛ አይባክንም። «የከሰላ ሰው ነኝ፤ ሚስትና አራት ልጆች እዚያ አሉኝ» አልኳት በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ። አዘነችልኝ። እኔ ደግሞ የሚያዝንልኝ ሳገኝ አልችልም፤ ትንሹን ልጄን አስም አስያዝኩት። ስሜን ለማንም እንደማትናገር ማለችልኝ።

ደላላ ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ ያለው አስተማሪና ሰሌዳ ብቻ። ተበሳጨሁ ልበል? ለእማ «ሐቅ ነው» አልኳት። ሰልማ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

የመዝጊያው ቀን ቤተሰብ ተጠራ። እማ የክት ቶቧን ለብሳ ፊት ተቀመጠች። መነጽራሟ ተነሣች፤ ቃሏን አክብራ፣ ስም ሳትጠራ፣ ድምፄን ከፈተችው። እናቴ እኮ በሳሌ የምታውቀኝ ሴት ናት! አስሙ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ከንፈሩን መጠጠ፤ እማ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ውሸት ግን እያደር ወለደ። «ፖሊስ መስላኝ ነው» ብዬ ብምል፣ ብገዘት፣ ማን ይስማኝ?

«ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ የትንሹ ስም ማነው?» ትለኛለች ሰልማ፣ ሳቋን አፍና።

ፖርት ሱዳን ግን ወዲያው ተፈቀደላት።

«ሂጂ ልጄ» አለቻት እማ፣ «ምርምሩን ደህና አድርገሽ ልመጂው። ስትመለሺ በከሰላ በኩል ዞር በይና የልጅ ልጆቼን አጣሪልኝ።»