ገዳዩን እማዋይሽ ታውቀዋለች

ሕልም አየሁ፤ ያውም ሊነጋጋ ሲል። ደሴ ፒያሳ፣ የጋሽ ደምረው መጽሐፍ ማከራያ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጫለሁ። ከግራዬ አንድ ቄስ፣ ከቀኜ ሁለት የሚተነኳኮሱ ደላሎች አሉ። ሁላችንም አቧራ ጠጥተናል። መጽሐፎቹ ደጅ ላይ ተሰልፈው ሰው ሊከራዩ ወረፋ ይጠብቃሉ። አንድ ሽፋኑ የተላጠ ወፍራም ልብ ወለድ ገባና ጣቱን በምራቁ አርሶ ያገላብጠኝ ጀመር።

"ይቺ ስለ ምንድን ናት?" ብሎ ጋሽ ደምረውን ጠየቀው።

"ስለ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ። አጸደ ትባላለች። መሐል ላይ ትንሽ ትጎትታለች እንጂ ክፉ አይደለችም።"

"መጨረሻዋስ?"

"መጨረሻዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስትመልሳት ታገኘዋለህ።"

ልብ ወለዱ እያጉረመረመ ብብቱ ሥር ወተፈኝና ወጣ።

ጋሽ ደምረው በውኑም እንዲህ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። እኔና ጓደኛዬ እማዋይሽ ልጆች ሳለን የወንጀል ልብ ወለድ የምንከራየው ከእሱ ነበር። ሰው መጽሐፍ ይዞበት እየጠፋ ቢያስቸግረው አንድ ዘዴ ፈጠረ። የመጨረሻውን ገጽ በምላጭ ቆርጦ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል። መጽሐፉን ስንመልስ ገጹን አውጥቶ ይሰጠናል፤ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፈን እናነባለን። እማዋይሽ በዚህ ላይ የራሷን ሕግ ጨመረችበት። መሳቢያው ሳይከፈት በፊት ገዳዩ ማን እንደሆነ መናገር ግዴታ ነው። ከተከፈተ በኋላ "እኔም ጠርጥሬ ነበር" ማለት አይሠራም። ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ነበረች፤ እኔ ሁልጊዜ የቤት ሠራተኛዋን እጠረጥራለሁ።

በሕልሜ ልብ ወለዱ እኔን እንደያዘ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ደረሰ። ሌቦች እስከ መናኸሪያ ድረስ ተሰልፈዋል። አንዱ የሰረቀውን ራዲዮ ታቅፎ ያለቅሳል። ፖሊሱ መስኮቷን በትንሹ ከፈት አደረገ።

"ዛሬ አንይዝም፤ ሞልቷል።"

"ጌታዬ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እኮ ነው የምመላለሰው።"

"ምስክር አለህ?"

"የለኝም። ማንም ሳያየኝ ነው የሰረቅኩት።"

"እንግዲያው ሂድና ሰው እያየህ ሰርቀህ ና" አለና መስኮቷን ዘጋት።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ልብ ወለዱ ራሱን ገለጠና እኔን ወደ ውስጡ አስገባኝ። አንድ ትልቅ ሳሎን ውስጥ ቆምኩ። ምንጣፉ ላይ ሬሳ ተጋድሟል። በድሮዎቹ መጽሐፎች ሬሳዋ ሁልጊዜ ቆንጆ ሴት ነበረች። መሞቷ ሳያንስ ጸሐፊው ከቁርጭምጭሚቷ ተነሥቶ ወደ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ይዘረዝራታል። አሁን ግን የተጋደመው ወንድ ነው፤ ባቱ ብቻ ሁለት አንቀጽ ተጽፎለታል። እኔን ሲያይ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

"እኅቴ፣ እባክሽ ሱሪዬን ወደ ታች ሳቢልኝ፤ አንባቢ እያየኝ ነው።"

ሳብኩለት። ጥግ ላይ ደግሞ ያ ካፖርት ለባሹ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለየው የድሮ መርማሪ፣ ሽርጥ አገልድሞ ሻይ ይቀዳል። ሬሳውን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

በሩ ተበረገደና እማዋይሽ ገባች። ልጅነቷ ነው የገባው፤ ያ የአሥራ ስድስት ዓመት ፊት፣ ያ ሁለት ቦታ የተጎነጎነ ጸጉር። ካፖርቱን ለብሳዋለች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፤ እጇ ላይ ሽንኩርት አለ፣ እየላጠች ነው የምትመረምረው። ስንት ዘመን ይሆነኛል ያንን ፊት ካየሁ።

"እማዋይሽዬ፣ አንድ ፍንጭ እኔም ላግኝ" አላት የድሮው መርማሪ ሻዩን እያቀረበ።

"የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ሥራ ጠንካራ ልብ ይፈልጋል። አንተ ዝም ብለህ አጊጠህ ተቀመጥ፤ በስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ትታፈናለህ፣ መጥቼ አስፈታሃለሁ።"

"ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምታፈነው" ብሎ አለቀሰ።

ተጠርጣሪዎቹ ተግተልትለው ገቡ። ሁሉም "እኔ ነኝ የገደልኩት" ይላሉ፤ አንዱ አንዱን ይገፋል። እማዋይሽ ግን አፋቸውን አልሰማችም። የለበሱትን እየዞረች አየች፤ ጥለታቸውን በጣቷ ዳሰሰች። ያን ጊዜ የትኛው ታሪክ ውስጥ እንዳለሁ ገባኝ።

አንድ መጽሐፍ ነበር። ባል ይገደላል፤ መርማሪው ቤቱ ሄዶ በር ሲያንኳኳ ሚስትየው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አውጥታ ትከፍትለታለች። መርማሪው ዐይኖቿን ያደንቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ተነሥቶ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ሾፌሩን ያሳድዳል። እማዋይሽ ባንኮኒው ላይ ሆና "ሚስትየው ናት" አለች። ጋሽ ደምረው መሳቢያውን ከፍቶ ገጹን አወጣ። ሾፌሩ ነበር።

"ተሳስቷል" አለች እማዋይሽ።

"ማን?"

"ጸሐፊው። የባሏን መሞት የነገራት ሰው ሳይኖር የለቅሶ አለባበስ ለብሳ እንዴት በር ትከፍታለች? ሴት ብትጽፈው ኖሮ፣ ወይ ሴት ብትመረምረው፣ መጽሐፉ አምስት ገጽ ነበር።"

ጋሽ ደምረው እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ነጠላ ሳላይ የሰው ፊት አይቼ አላውቅም። እማዋይሽ በዚያው ሰሞን ለአባቷ መርማሪ ፖሊስ መሆን እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቀልደኛ ነበሩ። "ሌባ ስታባርሪ ነጠላሽን ማን ይይዝልሻል?" አሏት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። በዓመቱ ለአንድ ነጋዴ ተዳረች፣ አምስት ልጆች ወለደች። መርማሪነቷን በሰፈሩ ላይ ተወጣችው። የጠፋች ዶሮ፣ የተሰበረ ጋብቻ፣ የተደበቀ እርግዝና፣ ከእሷ የሚሰወር ነገር አልነበረም። ይህን ሰው ወሬኛነት ይለዋል። ወንድ ሲያደርገው ምርመራ እንደሚባል እሷም እኔም እናውቅ ነበር።

በሕልሜ እማዋይሽ ድንገት "ያዘው!" ብላ በመስኮት ዘለለች። ማንን እንደምታባርር አላየሁም። ተከተልኳት። በፒያሳ ቁልቁል ትሮጣለች፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ይስቃል፣ ሽንኩርቱ አሁንም እጇ ላይ ነው። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ እያለከለኩ ይሮጣሉ። ነጠላ ታቅፈዋል። ቀረብ ብዬ ሳይ አባቷ ናቸው።

"እኔ እይዝልሻለሁ፣ ልጄ!" ይላሉ። "አንቺ ብቻ ሩጪ! እኔ እይዝልሻለሁ!"

ሕልም ውስጥ መሆኔን እያወቅኩ አለቀስኩ። ለምን በውኑ እንዲህ አላሏትም? አንድ ቃል ነበር እኮ።

ከዚያ ያቀፉትን ነጠላ አየሁት። ተዘቅዝቋል።

"አባባ፣ ማን ሞቶ ነው?" አልኳቸው።

"ነገ" አሉ።

የሻይ ቀጂውን መርማሪ ጠየቅኩት። "ነገ" አለኝ። ሬሳውን ጠየቅኩት። "ለእኔ አይደለም፤ እኔ ለመልክ ነው የተጋደምኩት" አለና ዓይኑን ጨፈነ። እማዋይሽ መንገዱ መሐል ቆማ ትጠብቀኛለች። ሮጬ ደረስኩና ካፖርቷን ያዝኳት።

"እማዋይሽ፣ ገዳዩ ማነው? ነገ ብለሽኛል፣ ነገ ደግሞ ዛሬ ነው።"

ይህ በውኑም ልጠይቃት የነበረ ጥያቄ ነው። እማዋይሽ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሳንባዋ ነው። የልጅ ልጇ ሕሊና አንድ አዲስ ልብ ወለድ አምጥታላት ነበር። ደራሲዋ ወጣት ሴት ናት፤ መርማሪዋም ሴት፣ ያውም ባሏን የፈታች፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ የምትሳሳት፣ የምትቆጣ። ማንም ስለ ባቷ አይናገርም። ሕሊና ራሷ የወንጀል መርማሪ ናት፤ ማዕረጓን ትከሻዋ ላይ ለጥፋ ትሄዳለች። አያቷ የተከለከለችው ነገር ለእሷ እንደ ማንኛውም ሥራ ነው፤ ስለ አለቃዋ እያማረረች ትውላለች። እኔ በየቀኑ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አነብላታለሁ። ትናንት አንድ ምዕራፍ ሲቀረን እጇን አነሣች።

"በቃ። አውቄዋለሁ።"

"ማነው?"

"ነገ። እስኪ አንቺም አስቢበት። ሳትመጪ እንዳትከፍቺው።"

"የቤት ሠራተኛዋ ትሆን?" አልኳት። እስክታስል ሳቀች። መጽሐፉን ይዤ መጣሁ፤ ትራሴ ሥር አድርጌው ተኛሁ። አልከፈትኩትም።

በሕልሜ እማዋይሽ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። ትንፋሿ ሽንኩርት ይሸታል። አፏን ከፈተች። በዚህ መሐል ጋሽ ደምረው ሰማይ በሚያህል መሳቢያ ላይ ቆሞ "ሳልከፍተው ተናገሩ! ሳልከፍተው!" እያለ በቡጢ ይደበድበው ጀመር። ድው፣ ድው፣ ድው።

ነቃሁ። የሚደበደበው በሬ ነበር።

ጎህ ቀዷል። ጋቢዬን ደርቤ ከፈትኩ። ከፊት የዕድራችን ዳኛ አቶ ጌታነህ ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት ሴት ጎረቤቶቼ፤ ከእነሱ ኋላ የእማዋይሽ ታናሽ ወንድም ላቀው አቀርቅሯል። ሕሊናም አለች።

"እንዴት አደርሽ፣ እኅት አጸደ" አለ ጌታነህ። "በዚህ ስናልፍ ደኅንነትሽን እንጠይቅ ብለን ነው።"

በዚያ ማለዳ በእኔ በር ወዴት እንደሚታለፍ እንጃ፤ ከቤቴ ወዲያ ገደል ነው። የሁሉም ነጠላ በደኅናው ነው የተለበሰው። መርዶ ነጋሪ ነጠላውን አዘቅዝቆ በር አያንኳኳም፤ ሐዘንተኛዋ ሳትቀመጥ እንዳትደነግጥ። ጌታነህ እዚያ ደረጃዬ ላይ "አስተካክሉ" ብሏቸው ይሆናል። ሕሊና ግን ነጠላ ለብሳ አታውቅም። የለበሰችው የአያቷን ነው። አንዱን ጫፍ አስተካክላዋለች፤ ሌላው ጫፍ ጥለቱ ጆሮዋ ሥር ቀርቷል።

"እማዋይሽ ናት" አልኩ።

ጌታነህ ዞሮ ሴቶቹን ገላመጣቸው። "ማን ነገረሽ?"

በእነዚያ መጽሐፎች መጨረሻ ላይ ይቺ ጥያቄ አትቀርም ነበር። መርማሪው ሲጋራውን ይለኩስና ያብራራል። እኔ ምንም አላብራራሁም፤ እዚያው ደፍ ላይ ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ። ሴቶቹ ደግፈው አስገቡኝ። ሕሊና እጄን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች፤ እንባዋ በአያቷ ነጠላ ላይ ይወርዳል።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጌታነህ ወደ እኔ ተጠጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ከባድ ነገር አለ፣ እኅቴ። ልታርፍ ስትል ዓይኗን ገልጣ 'የገደለው ታናሽ ወንድምየው ነው፤ ለአጸደ ንገሯት' አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። አንቺ ምስጢረኛዋ ነሽ። ላቀው ማንን ነው የገደለው?"

ላቀውን አየሁት። ለፋሲካ ዶሮ የሚያርድለት ጎረቤት የሚለምን ሰው ነው። ደጃፉ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ቃሉን ተቀብዬዋለሁ" አለች ሕሊና በቀስታ። "ምን ላድርግ፣ እማማ አጸደ። የሟች ቃል ነው።"

መጀመሪያ ሳቄ ይሁን ለቅሶዬ የመጣው አላወቅኩም። ሳቄ ነበር። ሴቶቹ ልቤ የተነካ መስሏቸው ውሃ ረጩኝ። እየተንጠባጠብኩ ገብቼ መጽሐፉን ከትራሴ ሥር አወጣሁና ለሕሊና ሰጠኋት።

"የመጨረሻውን ገጽ አንብቢ" አልኳት። "ቆመሽ። እኛ ቆመን ነበር የምናነበው።"

ሕሊና ተነሣች። ያ የተዘቀዘቀ ጫፍ ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መስመር በመስመር አነበበች። ስትጨርስ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

"ወንድምየው ነው" አለች።

"እኔ አይደለሁም አልኳችሁ እኮ" አለ ላቀው ከደጃፉ።