በሕይወቱ የሚመለስ ዓሣ

ስለት የሚሳል ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ሳልቆጥር የገዛሁት፣ ሳልመዝን የሸጥኩት ነገር የለም፤ በባዶ እጄ ተነስቼ ሱቅ የከፈትኩትም በዚሁ ነው። የጨነቀው ሰው ግን አይመዝንም። አንዱ ለግሸን ማርያም ጃንጥላ ይሳላል፣ ሌላው ሻማ። ይሁን፤ ሁለቱም ገበያ ላይ አሉ። የጎረቤቴ የእትዬ ተዋበች ስለት ግን የትም ገበያ የማይገኝ ሆኖ ቁጭ አለ።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሐይቅ ከተማ የደረሰ ጊዜ ዓሣ አጥማጁ ልጃቸው ሞላ ጠፋ። እናት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ግሸን ማርያም፣ ልጄን በሕይወት ከመለስሽልኝ፣ እኔም ከሐይቁ ሆድ ትልቅ ዓሣ አውጥቼ በሕይወቱ እመልሳለሁ።»

ሞላ ተመለሰ። ተመለሰ ስላችሁ ግን ግማሹን ነው። ከቤት አይወጣም፣ ውሃውን ዞር ብሎ አያይም። ጎረቤት በየተራ እየገባ «የት ነበርክ? ምን አየህ? እስቲ አውጋን» ይለዋል፤ እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እናቱ ምክንያቱን አገኙት፤ ስለቱ ስላልገባ ነው።

አንድ ባለታንኳ ለመኑ። ከመሃል፣ ከጥልቁ፣ ክንድ የሚያህል ቆሮሶ ዓሣ በመንጠቆ ጎትቶ አወጣና ለቀቀው። ዓሣው ሆዱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ በጀርባው ተንሳፈፈ። ልጥለቅ ብሎ ቢታገል፣ ቢታገል፣ አልሆነለትም። አሞራ ወረደና ይዞት ሄደ። እትዬ ተዋበች የዚያን ዕለት እህል አልቀመሱም።

ይህን የሰማችው ዘሀራ መጣች። ዘሀራን የሚያውቃት ሁሉ በሻንጣዋ ነው። ከዓረብ አገር የሚመጣ ሰው ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ሲጭን፣ እሷ ተጣጥፋ ሻንጣ የገባች፣ በፓምፕ የምትነፋ ጀልባ ይዛ መጣች። ካያክ ትላታለች። ያኔ ለውጥ መጣ ተብሎ ሁላችንም ቱሪስት ይመጣል እያልን በር በሩን እናይ ነበር። እኔ ራሴ ሱቄ ደጃፍ ሁለት ወንበር አውጥቻለሁ። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ማታ ማታ ሐይቁ ዳር የሚወራው ሁሉ ስለ ነገ ነው። ቱሪስቱ ቀርቶ የመጣውን እናንተም ታውቃላችሁ። ወንበሮቹ ላይ እኔው በየተራ እቀመጥባቸው ጀመር።

«አሠሪዬ ዓሣ እየያዘ ይለቅ ነበር» አለች ዘሀራ።

«ለሚለቀው ለምን ይይዘዋል?» አልኳት።

«ሀብታም ነዋ፣ ጋሽ ይመር። ከጥልቁ ባንዴ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ያብጣል። ራሱ መውረድ አይችልም፤ ማውረድ ነው። ታች ሲደርስ እብጠቱ ይጎድልለታል።»

«ሆዱን በመርፌ ብወጋውስ?» አለ ባለታንኳው።

«ወላሂ አንተን ነው የምወጋህ።»

ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ሞላ ገባች። የት ነበርክ አላለችውም። «መንጠቆህ የታለ?» አለችው። ተነስቶ ከአልጋው ሥር አወጣው።

ሁለቱ በካያኳ ሐይቁ መሃል ገቡ፤ እኔና እትዬ ተዋበች በባለታንኳው ታንኳ ተከተልናቸው። ሞላ ቀስ እያለ ሳበ። ዓሣው ሲወጣ ዘሀራ እጇን በውሃ አርሳ፣ ከውሃው ሳታርቅ መንጠቆውን ነቀለችለት። ከዚያ ቂጡ ላይ ገመድ፣ አፉ ዙሪያ ድንጋይ ያሰረችበትን ቅርጫት ገልብጣ ከላይ ደፋችበት። ዓሣው ልንሳፈፍ ሲል የቅርጫቱ ቂጥ ያዘው። ሞላ ገመዱን በክንድ በክንድ መልቀቅ ጀመረ።

«ቀስ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ።

ከመጣ ወዲህ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። የወረደውን ክንድ እቆጥር ነበር፤ ልማድ ነው፤ መሃል ላይ ጠፋብኝ።

ቅርጫቱ ተሳበ። ባዶ። ውሃው ላይ የተንሳፈፈ የለም፣ ሰማዩ ላይ አሞራ የለም። እትዬ ተዋበች እልል አሉ። ባዶ ቅርጫት አይታ እልል ያለች የዓሣ አጥማጅ እናት ከዚያ በፊት አላየሁም።

ማታ ጎረቤት እንደ ልማዱ ሊጠይቅ መጣ። እትዬ ተዋበች በሩ ላይ ቆሙ። «እሱም ገና እየወረደ ነው፤ ተዉት» አሉ።

በሳምንቱ ሞላ ሱቄ ደጃፍ መጥቶ ለቱሪስት ባወጣሁት ወንበር ላይ ተቀመጠ። የምጠይቀው ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ሞልቶ ነበር። ወንበሬን ትንሽ አጠጋሁና አብሬው ውሃውን አየሁ።