የሚካኤል አቀበትና የእኔ ማርሽ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ለነገሩ ደብረ ማርቆስ ያላችሁት ሳልነግራችሁም ሰምታችኋል።

ባለ ማርሽ ሳይክሌ ላይ ሞተር መግጠሜን ታውቃላችሁ። ፎቶውን ላይክ ያላደረገ የለም መቼም።

የቀረኝ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን የኋላ ጥርሶች መምረጥ ነበር። ትልቁ ጥርስ አቀበት ያወጣል፣ ግን ይንቀረፈፋል። ትንሹ ሜዳ ላይ ያበርራል። ዩቲዩብ አየሁ፣ ካልኩሌተር አወጣሁ፣ ትልቁን ፈትቼ ጓሮ ጣልኩት።

‹‹አቀበቱስ?›› ትሉኛላችሁ። ሞክሬዋለሁ እኮ! የሚካኤልን አቀበት ከታች ተንደርድሬ አንዴም ሳልቆም ወጣሁት። በቃ ኢንጂነር ነኝ አልኩ።

ዛሬ ከገበያ ስመለስ አቀበቱ ሥር ማንን ባገኝ ጥሩ ነው?

የትግስትን አባት፣ መሪጌታን። እሁድ ሽማግሌ የምልክባቸውን ሰውዬ!

‹‹መሪጌታ፣ ይውጡ ላድርስዎት›› አልኩ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኋላዬ ተቀመጡ። ተንደረደርን። ሞተሩ ያዜማል፣ እኔ በልቤ ሰርጌን እደግሳለሁ።

አጋማሹ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

‹‹ልጄ፣ አቁም እንጂ። እንሳለም።››

የሚካኤል በር። አቀበቱ መሃል ላይ።

ሰው ሁሉ እዚያ ወርዶ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። እኔ ስሞክር ግን እየበረርኩ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ነበር ያለፍኩት። ሂሳቤ ውስጥ መቆም የሚባል ነገር አልነበረም።

ቆምን። እሳቸው ወርደው ረጋ ብለው ጸሎታቸውን አደረሱና ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ‹‹ሚካኤል፣ ዛሬን ብቻ አስነሳልኝ›› አልኩ።

ሞተሩ እህህ አለና ጠፋ። ፔዳሉ ላይ ቆምኩበት። ንቅንቅ የለም። ጭራሽ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን።

መሪጌታ ወረዱ። ጃንጥላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ይገፉኝ ጀመር። ‹‹ኧረ ይተዉ፣ በሞቴ!›› ብል ማን ሰምቶኝ። ከበሩ የሚወጣው ሰው ሁሉ ቆሞ አየን። አማቼ ሊሆኑ ያሉት ሰው ከነጥምጣማቸው!

አናቱ ላይ ስንደርስ ላባቸውን ጠረጉና ‹‹እግዜር ይስጥልኝ፣ አደረስከኝ›› አሉኝ። ፈገግ እንኳን አላሉም።

አሁን ትግስት ደወለች። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል። ‹‹አባባ ምን አሉ መሰለህ? ‹ሽማግሌ ይላክ፣ ግድ የለም። ልጁ ሚካኤል በር ላይ ቆሞ እንደማያውቅ ግን ሳይክሉ አጋልጦታል።› ››

ትልቁን ጥርስ ከጓሮ ፈልጌ እየገጠምኩ ነው። ሽማግሌዎቼን ግን በእግር ነው የምልካቸው።

እስኪ እውነቱን ተናገሩ፣ እናንተ በሩ ላይ ትቆማላችሁ ወይስ እንደ እኔ ነቅነቅ ናት?