የፓሪስ ዓይን

ፈረንሳይ አገር ተምሮ የመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ካየሁ ጀምሮ አፌን እንደከፈትኩ አለሁ። ጎረቤቴ ታደሰ ከፓሪስ በተመለሰ ሰሞን፣ አራዳ አንድ ጠጅ ቤት ገብተን ጥብስ አዘዝንና «እዚያ እንዴት ተቀበሉህ?» አልኩት።

«ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ስበላ፣ ጥቁር ሰው እንዴት እንደሚበላ ለማየት ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ቡዳ እንዳይበላኝ ፈርቼ በካፖርቴ ብከናነብ፣ ተመልካቹ ጭራሽ ባሰበት! ደግነቱ አብሮኝ የሚማረው ደምሴ የራሱን ካፖርት ዘርግቶ ከለለኝ።»

ደነገጥኩ። የቀጥቃጩ ልጅ ደምሴ? ሰፈራችን ቡዳ ነው እያለ ምግብ የሚሸሽገው ከማን ሆነና!

«እሱው ነው» አለ ታደሰ። «እዚያ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁለታችንም ጥቁሮች ነን። እስክንመለስ ድረስ ከአንድ ሳህን በላን።»

ይህን እያወራኝ ደምሴ ራሱ ከተፍ አለ። ጠጅ ቤቱ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ ሸማችንን ስበን ጥብሳችንን ሸፈንን። ታደሰም ካፖርቱን አነሳ። ለካ ትምህርትም ይህን አያስለቅቅም ብዬ ሳልጨርስ፣ ደምሴን አጠገቡ አስቀምጦ ካፖርቱን በሁለቱም ላይ ከደነው።

ከውስጥ የታደሰ ድምፅ ተሰማኝ፦ «ቶሎ ቶሎ ብላ ወንድሜ፤ የእነዚህ ዓይን ከፓሪሶቹም ይብሳል።»