ኩርፊያ ሲወረስ

ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰውን እየመረጠ ቢወስድ ምንኛ መልካም ነበር። ከአባት ቁመናውን፣ ከእናት ትዕግስቷን ለቀም እያደረግን፣ የተረፈውን ከእነሱ ጋር አብረን እንቀብረው ነበር። ምን ይሆናል፣ ዘር ከልጓም ይስባል። እናንተስ ብትሆኑ፣ ልጃችሁን ስትቆጡ ከአፋችሁ የወጣው ድምፅ የማን መሆኑን ለይታችሁ ደንግጣችሁ አታውቁም? እኔ ደንግጬ አውቃለሁ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አምበር አካባቢ ገበሬ ነበር። ጾም የማይሽር፣ በሩን ለእንግዳ የማይዘጋ፣ ከአውድማው የመጀመሪያውን ቁና ለቤተ ክርስቲያን ሳይሰጥ ጎተራውን የማይሞላ ሰው። ይህን አገር ያውቅለታል። ኩርፊያውን የምናውቅለት ግን እኛ ነን። እናቴን ሲቀየማት አይጮህም፣ እጁንም አያነሳም፤ ዝም ይላታል፣ ለሳምንታት። የቤት ነገር ደግሞ በዝምታ አይሄድምና መልእክተኛ ያስፈልጋል። መልእክተኛው እኔ ነበርኩ። «እናትህን ራት ታቅርብ በላት» ይለኛል፣ እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ። እሷም «አባትህን ገና አልበሰለም በለው» ትለኛለች። ክንድ በማይሞላ ርቀት ቃል ሳመላልስ አደግሁ።

ሲመሽ ግን ለጸሎት አብረን እንቆማለን። ያኔ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «አባታችን ሆይ» ይላሉ። «በደላችንን ይቅር በለን» የምትለዋን አባቴ ከሁላችንም ይልቅ ረገጥ አድርጎ ነበር የሚላት። ልክ አሜን እንዳልን ወደ እኔ ዞሮ «እናትህን ኩራዙን ታጥፋው በላት» ይላል። አሁን ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ያኔ ግን እኔን አያስቀኝም ነበር።

እንደ እሱ ላልሆን ለራሴ ቃል ገባሁ። ደብረ ማርቆስ ገብቼ ተማርኩ፣ ቢሮ ተቀጠርኩ፣ አግብቼ ሰብለን ወለድኩ። ጾሙንም ጸሎቱንም ከአባቴ እንደተቀበልኩት አድርጌ አስተማርኳት። አምና ሽማግሌዎች ለአንድ ወዳጄ ልጅ ሊጠይቋት መጡ። እሷን ሳላማክር እሺ አልኩ። እሷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ፣ በጨዋ ደንብ፣ እምቢ አለች። ቃሌን በሰው ፊት አሳጠፈችኝ ብዬ ተቀየምኩ። አልጮህኩም። ዝም አልኳት።

አንድ ወር ሆነ፣ ሁለት ወር ሆነ። ደብረ ወርቅ አዋላጅ ነርስ ሆና ተመደበችና ሻንጣዋን ይዛ ለምርቃት ፊቴ ቆመች። እኔ ወደ ሚስቴ ዞሬ «ልጅሽን እግዚአብሔር ይከተልሽ በያት» አልኩ። ሰብለ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች፤ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። «አሜን በይልኝ» አለቻት እናቷን። መናኸሪያ ድረስ እንኳ አልሸኘኋትም።

ይህን ስናዘዝ የንስሐ አባቴ መቁጠሪያቸውን እያሻሹ አዳመጡኝ። እኔ ለስግደት ጉልበቴን አዘጋጅቻለሁ። «ስግደቱንማ ከአባትህ ወርሰሃል፣ ታውቅበታለህ» አሉኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ያንተ ቀኖና አንድ ነው፤ ልጅህን ራስህ፣ በገዛ አፍህ፣ ይቅርታ ጠይቃት።»

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ደወልኩ። ያነሳችው አብራት የምትኖር የሥራ ባልደረባዋ ነበረች። ማን መሆኔን ስነግራት ከኋላዋ የልጄ ድምፅ ተሰማኝ፤ «አባዬን ደህና ነኝ በይልኝ። ጾሙ እንዳይጎዳው፣ ይጠንቀቅ በይልኝ።» «የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስተኛ ትውልድ» እያሉ ሲሰብኩን የኖሩት ይኼንን ኖሯል። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «ይቅር በይኝ ብሏል በይልኝ።»

 ባልደረባዋ ግን «አባባ፣ እዚሁ አጠገቤ ናት እኮ፤ ራስዎ ይንገሯት» አለችኝ፤ ስልኩም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማኝ። የሰብለን ትንፋሽ እሰማለሁ። «ይቅር በይኝ» የምትለዋ ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለች። የጸሎታችን ሰዓት ነበርና፣ «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። እሷም ተከተለችኝ። «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እንደ አባቴ ረገጥ አድርገን አልናት፤ እስከ መጨረሻውም አደረስነው።

አሜን አልን። ከአሜን በኋላ የሚባለውን አባቴ አላስተማረኝም፤ እኔም አላስተማርኳትም። ስልኩን እንደያዝን፣ ሁለታችንም የሚነግርልንን ሰው መጠበቅ ጀመርን።