ምስጋና በለቅሶ ድንኳን

ሰው ሁሉ ለሌላው ሊያስረዳው የማይችለው አንድ ፍቅር አለው። አንዱ ርግብ ያረባል፤ ሌላው ረግጦት በማያውቀው አገር የሚጫወት የኳስ ቡድን ሲሸነፍ ምሳ አይበላም። እኔ ደግሞ የፊልም ሽልማት እወዳለሁ። ፊልሙን አላልኩም፤ ሽልማቱን። ከተሸለሙት ፊልሞች አብዛኞቹን አላየኋቸውም። የደባርቅ ኔትወርክ ሁለት ሰዓት ፊልም የሚያሳይ ትዕግሥት የለውም። የሦስት ደቂቃ የምስጋና ንግግር ግን፣ መብራት ካልሄደ፣ እየተቆራረጠም ቢሆን ያደርሳል።

ሌላው ሰው የተዋናዮቹን ቀሚስ ያያል። እኔ የምጠብቀው ያንን ስሙ የተጠራውን ሰው ነው። ያጠፈውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ እናቱን፣ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪውን፣ አንድ ቀን ዳቦ ያበላውን ጎረቤቱን ሲያመሰግን፣ እኔ መሥሪያ ቤቴ፣ መዝገብ ክፍል ተቀምጬ ዕንባዬ ይመጣል። ባለጉዳይ ገብቶ ምን ደረሰብዎ ሲለኝ ጉንፋን ነው እላለሁ። ምን ልበለው? የማላውቃት ሴት የማላውቃትን አክስቷን አመሰገነች ልበለው?

ሳስበው ግን ነገሩ እብደት ብቻ አይደለም። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ቀብር ላይ የማነበው እኔ ነኝ። በእኔ እጅ ያለፈ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሰው አክባሪና ጨዋታ አዋቂ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ምነው ይህን በቁሙ በነገርነው የማይል የለም። በማግስቱ ደግሞ በቁሙ ያለውን እናማለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው አይደል? እነዚያ ባለ ሽልማቶች ሌላው ቢቀር በዚህ ይበልጡናል፤ ተመስጋኙ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማል።

አሁን ወደ ጋሽ ዘውዱ ልምጣ። እኔ ልጅ ሳለሁ ደባርቅ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረ። ቴሌቪዥኑና ጄኔሬተሩ የሐጂ እንድሪስ፣ አፉ የጋሽ ዘውዱ። ጋሽ ዘውዱ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው የፈረንጁንም የሕንዱንም ፊልም ለእኛ በአማርኛ ይተረጉሙ ነበር። ወንድና ሴት ሲሳሳሙ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ነው፣ ሰላምታ ነው ይላሉ። መኪና ገደል ሲገባ፣ ይህ ሰው ሊማሊሞን ወርዶ አያውቅም ብለው ያዝናሉ። ወንበዴው መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ልኮ ይታረቃል። እኛም አጨብጭበን እንወጣለን።

ታዲያ የሐጂ እንድሪስ የእህት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንግሊዝኛ ለመደና፣ ትርጉሙና ፊልሙ ተገናኝተው እንደማያውቁ ለአጎቱ ነገራቸው። ጋሽ ዘውዱ ለካ አንድም ቃል አያውቁም! ሐጂም ጋሽ ዘውዱን፣ በእኔ ቴሌቪዥን ሕዝቡን ስትዋሽ ኖርክ ብለው ተነሡባቸው። ጋሽ ዘውዱም፣ ቋንቋ አውቃለሁ ያልኩህ መቼ ነው፣ እኔ ፊታቸውን እያየሁ ነው የምናገረው አሉ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ሁለቱ ወዳጆች ከዚያ ወዲያ፣ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ተራራው ሌላው ወደ ገበያው እያየ ይተላለፋሉ።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ዘውዱ ታመው ከረሙ። ጎንደር ሄደው ቢታከሙም ድነው አልተመለሱም፤ ሻል ብሏቸው ነው የተመለሱት። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ስመለስ በልቤ ምን ስል ራሴን ያዝኩት መሰላችሁ? «ጋሽ ዘውዱ ከአባታቸውና ከእናታቸው በዳባት ተወለዱ…» የሕይወት ታሪካቸውን እየጻፍኩ ነበር! ደነገጥኩ፤ አፈርኩም። ፊልም የወደድኩት፣ ከደባርቅ ወዲያ ሌላ ዓለም እንዳለ ያወቅኩት በእኚህ ሰው አፍ ነው። ይህን ጆሯቸው ሳይሰማ ቢያልፉ እኔ ምን ጸሐፊ ነኝ? በቁማቸው እሸልማቸዋለሁ አልኩ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሥራው ተጀመረ። ዋንጫ ከስፖርት ክበብ ለመንኩ። ቀይ ምንጣፍ ከአንዲት ጸጉር ሠሪ ተዋስኩ። የቪዲዮ ቤቱ ልጆች የነበሩትን ጥቂት ሰዎች ለቅዳሜ ስምንት ሰዓት ጋበዝኩ። ለጋሽ ዘውዱና ለባለቤታቸው ለእትዬ ጥሩወርቅ ትንሽ ዝግጅት አለን አልኳቸው። ነፋሱን ፈርቼ ደግሞ የእድሩን ድንኳን አወጣሁ። ጠዋት በአራት ሰዓት ከነአግዳሚው ደጃቸው ላይ አቆምኩት።

እዚህ ላይ አንባቢ ራሱን ይይዛል። አዎ፤ እኛ ሰፈር ለሠርግ ዳስ ይጣላል እንጂ የእድር ድንኳን የሚወጣው ለለቅሶ ብቻ ነው። ያንን ድንኳን ስንት ጊዜ ያስወጣሁ ሰው፣ ያን ዕለት ግን ሐሳቤ ሁሉ ከቀይ ምንጣፉና ከዋንጫው ጋር ነበር። ቀኑም የገበያ ቀን። አንዲት ሴት በደጅ ስታልፍ አየች። ወሬው እህል ተራ ሲደርስ የአሟሟቱ ምክንያት ታውቋል፤ ደም ግፊት ነው። መናኸሪያ ሲደርስ ጋሽ ዘውዱ ተናዝዘውም ነበር። የዳባት ሚኒባስም መርዶውን ጭኖ ሄደ።

ለንግግሬ የተዋስኩትን ሞንታርቦ እያስተካከልኩ ቀና ስል መንደሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየመጣ ነው። ከፊት ሐጂ እንድሪስ፤ ጥምጥማቸው አንገታቸው ላይ ተፈትቶ፣ በከዘራቸው ደረታቸውን እየመቱ። «ዘውዱ ወንድሜ! አንተ ሐቀኛ! ይቅር ሳትለኝ ወዴት ሄድክብኝ!» ይላሉ። ማይኩን ጨበጥኩ፤ መብራት ሄዷል። በባዶ ጉሮሮዬ አልሞቱም፣ ኧረ አልሞቱም ብዬ ጮኽኩ። የእኛን አገር ለቅሶ የሚያውቅ ሰው መልሱን ይገምታል። ሴቶቹ፣ እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው አይሞትም ብለው ባሰባቸው። አንዲት ሙሾ አውራጅማ ከእኔ ቃል ተቀብላ ግጥም አደረገችው።

እየሮጥኩ ገባሁ። ጋሽ ዘውዱ ከራቫታቸውን ግማሽ አስረው ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈዋል። ጋሼ፣ ይውጡልኝና ሰው ይረፍ ብላቸው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ዝም በል፤ እንድሪስ ነው።» ዕንባቸው በጺማቸው ይወርዳል። እኔም እጄን ከበሩ ላይ አነሣሁ፤ ምን መብት አለኝ? እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ፣ አንተ ሰው፣ በቁምህ ስትለቀስ ደስ ይልሃል ወይ ብለው ከጀርባቸው ገፍተው አወጧቸው።

ሙሾ አውራጇ ግጥሟን አቋረጠች። ሐጂ ዕንባቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠረጉና ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ፣ ድሮም ዋሾ ነህ፣ ይኸው ሞትህንም ውሸት አደረግከው ብለው ጮኹባቸው። የቀረውም ሰው ነጠላውን እየመለሰ ማጉረምረም ጀመረ። ገበያዬን ጥዬ መጥቼ የሚል አለ፤ ድሮም ነገረኛ ነበሩ የሚል አለ። ያ ሁሉ ሙገሳ ባለቤቱ በሕይወት መኖሩ ሲታወቅ ወዲያው ተሻረ። ሐጂ ግን እየተሳደቡ አቀፏቸው፤ እየተሳደቡም አልለቀቋቸውም።

ሰው ተበትኖ ሁለቱ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ሁለት ገጽ ንግግሬን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ቪዲዮ ቤቱን፣ ከደባርቅ ወዲያ ያሳዩኝን ዓለም፣ ሁሉንም። ዋንጫውን ሰጠኋቸው። ጋሽ ዘውዱ ዋንጫውን ሳያዩት አጠገባቸው አኖሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተም እኛ ቪዲዮ ቤት ታይ ነበር?» አሉኝ። አዎ ጋሼ አልኩ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በደጄ ስታልፍ እንደምን አደሩ ትለኛለህ። ይህችን አንዲት ነገር ለመናገር ድንኳን ያስፈልጋት ነበር?»

ንግግሬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ድንኳኑን ማፍረስ ጀመርኩ።