የማርቆስ ትርፍ «አለሁ»

«የት ደረስክ?» ሲባል እውነቱን የሚናገር ሾፌር ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ገና ከቦዲቲ ሳይወጣ «ሶዶ ልገባ ነው» ይላችኋል። ለዚህ ነው እኛ ሰውዬውን ትተን ስልኩን መጠየቅ የጀመርነው።

እኛ የምላችሁ ሶዶ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ የምንሠራውን ነው። ሻንቶ ቆሞ ሚኒባስ የሚጠብቅ ሰው፣ መኪናው የት እንደደረሰ በስልኩ ያያል። የሾፌሮቹን ስልኮች የሚከታተለውን ፕሮግራም፣ ሰርቨሩን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሾፌሩ ስልክ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲዞር ሰርቨሩ በአዲሱ መንገድ አንድ የሚስጥር ቁጥር ይልክና «እውነት አንተ ነህ?» ይለዋል። ስልኩ ያንኑ ቁጥር ይመልሳል። «አለሁ» ማለቱ ነው። አንድ መልስ ይበቃል። ከተደገመ ግን የኔ ሰርቨር ሌባ የመጣ ይመስለውና መስመሩን ይዘጋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማርቆስ ቢሮ መጣ። የቦዲቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ከቸርች የማይቀር ሰው። መስመሩ በየመሀሉ እየተዘጋ መኪናው ከተሳፋሪዎች ስልክ ላይ ይጠፋል፤ ሰውም «መኪናው የለም» ብሎ በሌላ ይሄድበታል። «ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?» አለኝ። ባትሪው አልቆ የጠፋውን ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ሻይ አዘዝኩለት።

የሚገቡትን መልሶች የሚያሳየውን ስክሪን ከፈትኩ። «አለሁ» የሚል ገባ። ከማርቆስ ስልክ። ሰርቨሩ ዘጋው። ደግሞ «አለሁ» አለ። ስልኩን አየሁት፤ ጥቁር ነው። ማርቆስም አየው። ደግሞ መጣ።

«እኔ እዚህ ተቀምጬ፣ እዚያ ‹አለሁ› የሚለው ማነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ምን ልበለው? መልእክት መንገድ ላይ ይባዛል፣ ይዘገያል፣ የቆየ ቅጂ ነው አልኩት። ውሸት አይደለም። ብቻ እንዲህ ያለ ቅጂ የሚዘገየው ለቅጽበት ነው እንጂ ሰው ሻይ አዝዞ ጠጥቶ እስኪጨርስ አይደለም። ይህን አልነገርኩትም። ለራሴም ደግሜ መንገር አልፈለግኩም።

ቁጭ ብዬ ሰርቨሩን አስተካከልኩት። ስልኩ አንዴ ከታወቀ በኋላ ለሚመጣ ትርፍ «አለሁ» አይደንግጥ፣ መስመር አይዝጋ፣ መልስም አይስጥ፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ይለፈው። ሠራ። በማግስቱ የማርቆስ መኪና ሞልቶ ሲመላለስ ዋለ።

እሑድ ቤቱ ጋበዘኝ። ባለቤቱ አስቴር የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሚያቃጥል ዳጣ አቀረበችልን። እየበላን ማርቆስ ታሪኩን ነገራትና ወደኔ ዞሮ «ታዲያ ያ ነገር ቆመ?» አለኝ። አልቆመም፣ መምጣቱንስ ይመጣል፣ እኛ ነን ቁም ነገር ብለን ማየት የተውነው አልኩት። የጎረሰውን ማኘክ አቆመ።

አስቴር ዳጣውን ወደኔ አስጠጋችልኝ። ስለ ገበያ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«እሱ ነው የሚሻለው» አለች። «እኔም፣ ማርቆስ ቤት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በሱ ቁጥር የሚደውለውን ማንሳት ከተውኩ ቆየሁ።»